የይታክቱ እንቁላሎችና እሺ ያላለው መዘውር

አያ ተገኔ ይታክቱን በደላት። በጠራራ ፀሐይ፣ ምንም ሳትሰርቅ፣ ማንንም ሳታማ፣ የቤቷን መብራት ቆረጠባት። «ማንንም ሳታማ» እንኳ ትንሽ ይበዛል፤ ብቻ አልሰረቀችም። ተረት ስል «የላም በረት» ማለት የለመዳችሁ፣ ዛሬ «የውሃ ጉልበት» በሉኝና ልቀጥል።

እንዶድ በር የምትባል መንደር አለች። ሰዉ ተባብሮ ወንዝ ጠልፎ፣ ቦይ ቆፍሮ፣ በውሃ የሚዞር መዘውር ተክሎ የራሱን መብራት አበራ። መዘውሩ የሁሉም ነው፤ የሚያሠሩት ደግሞ ኮሚቴ ያቋቋሙ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ደመወዝ የላቸውም። ደመወዝ የሌለው ሹመት መቼም ክብሩ ይብሳል። የየቤቱን መብራት የሚያበራና የሚያጠፋው የቁልፍ ሹም አያ ተገኔ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ ስለ ቁልፍ ሲናገር፣ ሲናገር፣ ሲናገር፣ የዛፉ ጥላ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ዞረ። ይታክቱ አላስቻላትም። «አያ ተገኔ፣ መብራት እንኳ አንዳንዴ ይጠፋል» አለችው። ሰው ሳቀ፤ እሱ አልሳቀም። በሳምንቱ ውሃው ቀንሶ መዘውሩ ሲደክም፣ ከአንድ ቤት መቀነስ አለብኝ አለ። ከማን ቤት እንደቀነሰ አትጠይቁኝም።

ይታክቱ መብራቱን የፈለገችው ለራሷ አልነበረም። ፈንግል የመንደሩን ዶሮ አንድ ሳያስቀር ጨርሶታል፤ ዶሮ ቀርቶ ላባ የለም። እሷ ግማሽ ቀን ተጉዛ ከእህቷ አገር አሥራ ሦስት እንቁላል በጤፍ ውስጥ ቀብራ አመጣች። የምትታቀፍ ዶሮ ስለሌለ ሣጥን ውስጥ ጥጥ አነጠፈች፣ ከላይ ከድሮዎቹ፣ ከሚግሉት፣ አንዲት አምፖል አንጠለጠለች። አምፖሏም አላሳፈረቻት፤ ሃያ ቀን ሙሉ ታቀፈች። በሃያኛው ቀን ጠዋት እንቁላሎቹ ከውስጥ ጪው ጪው ማለት ጀመሩ። በዚያው ረፋድ ተገኔ ቆረጠ። ይታክቱ ሣጥኑን በጋቢ ጠቅልላ ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አምፖሏ ካልበራች ግን ጫጩቶቹ በቅርፊታቸው ውስጥ በብርድ ያልቃሉ።

የፈለገችው ይህቺን ብቻ ነው፤ አንዲት አምፖል እንድትበራ።

ወደ ቁልፍ ቤት ሄደች። ተገኔ ቁልፉን እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ተቀምጧል። አዙርልኝ አለችው።

«እኔማ ደስ ባለኝ» አላት። «መዘውሩ ነው እሺ ያላለው። ሂጂና ግራሶ የሚቀባውን ጓዴን ጠይቂው።»

ተገኔ ቁልፍ አያዞር፣ አምፖል አይበራ፣ እንቁላል አይሞቅ፣ ጫጩት አይወጣ። ይታክቱ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወደ ጓዴ ወረደች።

ጓዴ የግራሶ ቆርቆሮውን ተንተርሶ ከመዘውሩ አጠገብ ተጋድሟል። መዘውሩም እንደሱ ተጋድሟል ማለት ይቻላል፤ አንድ ጊዜ ዞሮ ያርፋል፣ ያስብና ደግሞ ይዞራል። ቀባው አለችው። ጓዴ ሳይነሣ፣ ውሃ ለሌለው መዘውር ግራሶ መቀባት ለራሰ በራ ቅቤ መቀባት ነው አላት። እሱማ ደስ ባለው፤ ውሃው ነው እሺ ያላለው። ሂጂና የውሃውን በር የሚይዙትን እማሆይን ጠይቂ።

ጓዴ ግራሶ አይቀባ፣ መዘውር አይሮጥ፣ ተገኔ ቁልፍ አያዞር፣ አምፖል አይበራ፣ እንቁላል አይሞቅ፣ ጫጩት አይወጣ። ይታክቱ ነጠላዋን አሸርጣ ዳገቱን ወጣች።

እማሆይ ወለተ ኪዳን የውሃውን በር ተደግፈው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ይታክቱ ጉልበት ስማ፣ እባክዎ እማሆይ፣ በሩን ይክፈቱልኝ አለች። እማሆይ ባረኳት፤ በሩን ግን አልከፈቱም። ባለፈው ዝናብ ቦዩ ላይ አፈር ተንዶበታል፤ አሁን ብከፍተው የሚወርደው ጭቃ ነው፣ እኔ ደግሞ መዘውር ጭቃ አላጠጣም አሉ። «እኔማ ደስ ባለኝ፣ ልጄ። ቦዩ ነው እሺ ያላለው። ሂጂና የቦዩን አለቃ ባሻን ጠይቂ።» ከዚያ ቆጠራው ጠፋብኝ ብለው እንደ አዲስ ከአንድ ጀመሩ።

እማሆይ በር አይከፍቱ፣ ውሃ አይወርድ፣ ጓዴ ግራሶ አይቀባ፣ መዘውር አይሮጥ፣ ተገኔ ቁልፍ አያዞር፣ አምፖል አይበራ፣ እንቁላል አይሞቅ፣ ጫጩት አይወጣ። ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ትንሽ ዘንበል አለች። ይታክቱ አልዘነበለችም።

ባሻ ውብሸት ደጃፉ ላይ ዶማ ይስላል። ዶማው ከመሳሉ ብዛት ማንኪያ አክሏል፤ ቦዩን ግን ነክቶት አያውቅም። ቦዩን ጥረግልኝ አለችው። ባሻ ተቆጣ። ቦይ የሚጠረገው በደቦ ነው እንጂ በአንድ ሰው አይደለም፤ ደቦ የሚወጣው ሲለፈፍ ነው እንጂ በሹክሹክታ አይደለም። ሕጉ ይኸው ነው፤ ሕጉን ያረቀቀው ራሱ ባሻ ነው። እሱማ ደስ ባለው፤ ለፋፊው ነው እሺ ያላለው። ሂጂና ጥጋቡን ጠይቂው።

ባሻ ደቦ አያወጣ፣ ቦይ አይጠረግ፣ እማሆይ በር አይከፍቱ፣ ውሃ አይወርድ፣ ጓዴ ግራሶ አይቀባ፣ መዘውር አይሮጥ፣ ተገኔ ቁልፍ አያዞር፣ አምፖል አይበራ፣ እንቁላል አይሞቅ፣ ጫጩት አይወጣ። መንገዷን በቤቷ በኩል አደረገችና ጆሮዋን ሣጥኑ ላይ ለጠፈች። ጪው ጪው ይላል፤ ግን ከጠዋቱ ቀጠን ብሏል። ሮጠች።

ጥጋቡ ለፋፊው ድሮ ከመንደሩ አናት ካለው ቋጥኝ ላይ ቆሞ በጉሮሮው ይጣራ ነበር፤ ድምፁ ማዶ ተሻግሮ በሬ ያስደነብራል። ኮሚቴው በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ ከገዛለት ወዲህ ግን ሰው «ደህና ዋልክ» ሲለው እንኳ በማጉያው ነው የሚመልሰው። ይታክቱ፣ እባክህ ለደቦ ጥራልኝ አለችው። ጥጋቡ ማጉያውን እንደታመመ ልጅ ታቅፎ፣ ባትሪው ሞቷል አላት። በጉሮሮህ ጥራ አለችው። «ጉሮሮዬ ጡረታ ወጥቷል፣ እትዬ ይታክቱ» አላት። «እኔማ ደስ ባለኝ፤ ማጉያው ነው እሺ ያላለው። ባትሪ የሚሞላበት ሶኬት ያለው ቁልፍ ቤት ነው። ሂጂና አያ ተገኔን ጠይቂው።»

እንግዲህ ትንፋሽ ሰብስቡ። ማጉያ አይናገር፣ ጥጋቡ አይለፍፍ፣ ባሻ ደቦ አያወጣ፣ ቦይ አይጠረግ፣ እማሆይ በር አይከፍቱ፣ ውሃ አይወርድ፣ ጓዴ ግራሶ አይቀባ፣ መዘውር አይሮጥ፣ ተገኔ ቁልፍ አያዞር፣ አምፖል አይበራ፣ እንቁላል አይሞቅ፣ ጫጩት አይወጣ።

ይታክቱ ማጉያውን ከጥጋቡ እቅፍ ነጥቃ ወደ ተገኔ ተመለሰች። የማጉያውን ባትሪ ሙላልኝ አለችው። ተገኔ ማጉያውን አየ፣ ሶኬቱን አየ፣ እሷን አየ። እሱማ ደስ ባለው፤ ግን ይኼ አፈ ሰፊ ነገር ብዙ ጉልበት ይበላል፤ መዘውሩ ነው እሺ ያላለው፤ ሂጂና ጓዴን ጠይቂው።

ተገኔ ሶኬት አይሰጥ፣ ማጉያ አይናገር፣ ጥጋቡ አይለፍፍ፣ ባሻ ደቦ አያወጣ፣ ቦይ አይጠረግ፣ እማሆይ በር አይከፍቱ፣ ውሃ አይወርድ፣ ጓዴ ግራሶ አይቀባ፣ መዘውር አይሮጥ፣ ተገኔ ሶኬት አይሰጥ። አያችሁት? መዘውሩ ቆሞ ሰዎቹ ብቻ ይዞራሉ። ይህን ያህል የሚዞር መንደር መብራት ማጣቱ ነው የሚገርመው።

የቤቶቹ ጥላ ረዝሟል። ይታክቱ ማጉያውን ቁልፍ ቤቱ ደጅ ላይ ጥላው ሄደች። ጓዴን አልጠየቀችም፤ ማንንም አልጠየቀችም። ከመንደሩ አናት ቋጥኙ ላይ ወጣች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ በገዛ ጉሮሮዋ ተጣራች።

«አረፈ። ወገኖቼ፣ አረፈ። ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ፣ ወደ ላይኛው ቦይ ውጡ። ቀብሩ አሁን ነው።»

በእንዶድ በር ለደቦ የጠሩት ሰው እግሩን ያመዋል፤ ለቀብር የጠሩት ግን ተጨማሪ እግር ያበቅላል። ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ መጀመሪያ ይደረሳል፣ ኋላ ይጠየቃል። ወንዱ ለመቃብር መቆፈሪያ ዶማውን ተሸክሞ ወጣ። ሴቱ እያለቀሰ ወጣ። ባሻ የተሳለ ዶማውን ይዞ ከሁሉ ቀደመ። ጓዴ ከመደንገጡ የግራሶ ቆርቆሮውን ከእጁ ማስቀመጥ ረሳ። እማሆይ ለማን እንደሆነ ሳያውቁ አንድ ዙር አልቅሰው ጨርሰዋል። ተገኔ ጋቢውን አዘቅዝቆ መጣ። ጥጋቡ ከሁሉም በላይ ተንገብግቦ ነበር።

«ለእኔ ሳይነገረኝ የሞተው ማነው?» አለ።

ይታክቱ አፈር ወደ ተናደበት ቦይ አመለከተች። ሟቹ ይኼ ነው፣ ሳምንት ሆኖታል፣ ሳይሸት ቶሎ በሉ አለቻቸው።

ሁሉም ባንድ ላይ ተናገረ። አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ ሰደባት፤ ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፣ እሷ ግን እየተቀበለች መለሰችለት። እማሆይ ለጭቃ ነው እንዴ ያስለቀስሽኝ ብለው አዘኑባት። ኋላ ግን የወረደ እንባ ወደ ዓይን አይመለስም፣ ይሁን እንግዲህ ብለው ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አደረጉ። የቀረው ባሻ ነው። ባሻ ዶማውን ወደ ቤት ሊመልስ ዞረና ቆመ። ለቀብር የወጣ ዶማ አፈር ሳይነካ ከተመለሰ ሌላ ሟች ይፈልጋል፤ ይህን በመንደሩ የማያውቅ የለም። ባሻ ግራ ቀኙን አየ። በዕድሜ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። ቀስ ብሎ ተመለሰና ቆፈረ።

ባሻ ሲቆፍር ሰዉ ቆፈረ። ጥጋቡ ነገሩ አስቀንቶት በጡረተኛ ጉሮሮው «አይዞን፣ በርቱ» ሲል በማዶ በሬ ደነበረ። ጉሮሮው ሲጮኽ ክንዱ በረታ፣ ክንዱ ሲበረታ ቦዩ ተጠረገ፣ ቦዩ ሲጠረግ እማሆይ በሩን ከፈቱ፣ በሩ ሲከፈት ውሃው ወረደ፣ ውሃው ሲወርድ ጓዴ ግራሶ ቀባ፣ ግራሶው ሲቀባ መዘውሩ ሮጠ፣ መዘውሩ ሲሮጥ ሰዉ ሁሉ ተገኔን አየ፣ ሰዉ ሁሉ ሲያየው ተገኔ ቁልፉን አዞረ፣ ቁልፉ ሲዞር አምፖሏ በራች፣ አምፖሏ ስትበራ እንቁላሉ ሞቀ። ፀሐይዋም እፎይ ብላ ጠለቀች።

በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ጫጩት ወጣ። አሥራ ሦስተኛው አልወጣም፤ የኮሚቴ አባል ሳይሆን አይቀርም።

ገና ላባቸው ሳይደርቅ አያ ተገኔ ከተፍ አለ። ሣጥኑን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። ከፈንግሉ ወዲህ በቤቱ ዶሮ እንደሌለ አስታወሳት። ቀጥሎም «ያበራሁልሽ እኔ አይደለሁ? አንዲቷን እንኳ አትሰጪኝም?» አላት።

ይታክቱ ክዳኑን ቀስ አድርጋ መለሰችና እንዲህ አለችው፦

«እኔማ ደስ ባለኝ፣ አያ ተገኔ። ጫጩቷ ናት እሺ ያላለችው። ሂድና እንቁላሉን ጠይቀው።»