ከመፈልፈያው በስተጀርባ ያለው መንገድ

አንድ ሰው ነበረ፤ ቡና ፈልፋይ። ተወልዶ ያደገው በደረቅ አገር ነው። በዚያ አገር ቡና በፀሐይ ይደርቃል እንጂ በውኃ አይታጠብም፤ ውኃው የለማ። ገለፈቱም አይጣልም። ከፊሉ ተፈልቶ ይጠጣል፣ ከፊሉ ይነድዳል፣ የተረፈው ማሳ ላይ ይበተናል። በአባቱ ግቢ ገለፈት የደፋ ሰው እህል እንደ ደፋ ይቆጠር ነበር።

ይህ ሰው ሀብት ሲያገኝ ዝናብ ወደማይጠፋበት አገር ተሻገረና ወንዝ ዳር የእሸት ቡና መፈልፈያ ተከለ። መጀመሪያ እንደ ለመደው ጉድጓድ አስቆፈረ። ገለፈቱን እዚያ አጠራቅሞ ማዳበሪያ ሊያደርገው፣ ቡናው የታጠበበትንም ውኃ ሣር በበቀለበት ቦይ አሳልፎ ሊያጠራው አስቦ ነበር። ወንዙን ይዘው ወደ ታች መፈልፈያ ያላቸው ነጋዴዎች ሊጎበኙት መጡ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ መቃብር ለማን ነው?» አለ አንዱ።

«ተወው፣ የደረቅ አገር ሰው ነው፤ ገለባም ያሳዝነዋል» አለ ሌላው። «እዚህ ወንዙ ይወስደዋል ወንድሜ። እስከ ዛሬ ማን ጠየቀን?»

እነሱ ሳቁ፤ እሱም አብሯቸው ሳቀ። «እንደ አገሩ ይኖሩ፣ እንደ ወንዙ ይሻገሩ» ብሎ ጉድጓዱን አስደፈነና ቱቦውን ወደ ወንዙ አዞረ። እውነትም የጠየቀው አልነበረም። የታች ሰፈር ሰዎች ሲያገኙት ቆመው እጅ ይነሡታል። ለቤቱ የሚሆን ውኃ ከመፈልፈያው በላይ በቧንቧ ይመጣ ነበርና፣ ወደ ታች ወርዶ ወንዙን አይቶት አያውቅም።

ሚስቱ ወንድ ልጅ የወለደችው ቡና በሚለቀምበት ወራት ነው። ሕፃኑ ሲወለድ ጀምሮ አቅም አልነበረውም። ክርስትና የሚነሣበት አርባ ቀን ሳይሞላ ጡት መሳብ ተወ። ቄሱ፣ «አርባውን አንጠብቅ፤ አሁኑኑ አምጡት» አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ከመፈልፈያው ዝቅ ብሎ ነው ያለው። እናቱ አራስ ናትና አክስቱ ታቅፋው መጣች።

የማጥመቂያው ውኃ አልቆ ነበር። አባትየው ጀሪካን አንሥቶ ወደ ወንዙ ወረደ። ውኃው ጠቁሯል፤ ላዩ አረፋ ነው፤ እንደ በሰበሰ ነገር ይሸታል። ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ተመለሰ።

«አባ፣ ይሄ ውኃ...»

«በእሱ ሕፃን አላጠምቅም» አሉ ቄሱ። «የኛ ውኃ የሚቀዳው ከላይ ነው። በመፈልፈያህ ጀርባ በኩል መንገድ አለ፤ ፍጠን።»

ሮጠ። መፈልፈያውን ሲተክል በዚያ በኩል ጫካ እንጂ መንገድ አልነበረም። አሁን ግን አፈሩ በእግር ብዛት ተላልጦ፣ የሱን አጥር ዞሮ ወደ ላይ የሚወጣ መንገድ ሆኗል። ሴቶች ጀሪካን አዝለው ይወርዱበታል። አንዲት አሮጊት ሊያሳልፉት ዘወር አሉ።

«እማማ፣ ይህ መንገድ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«ከእርስዎ ቱቦ ወዲህ ነዋ። ድሮማ ከደጃችን ነበር የምንቀዳው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ለታቾቹ ነጋዴዎች ነግረን ነበር። ወንዙ ይወስደዋል አሉን። እርስዎም ከነሱ ጋር ሲስቁ አየንዎ። ደግሞ ምን እንበል?» ፊቱን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚሮጡት?»

ነገራቸው። አሮጊቷም ያዘሉትን ጀሪካን ፈትተው አወረዱ።

«እንኩ። ላይ ድረስ ሲወጡ ይመሽብዎታል። እኔ ተመልሼ እቀዳለሁ።»

በዚያ ውኃ ሕፃኑ ተጠመቀ። ፀሐይ ሳትጠልቅም ዐረፈ። የገደለው ወንዙ አይደለም፤ ደካማ ሆኖ ነው የተወለደው። ነገር ግን አባትየው ልጁ ክርስቲያን ሆኖ የተቀበረው አንዲት አሮጊት በጀርባቸው ባዘሉት ውኃ መሆኑን ያውቃል። የለቅሶው ድንኳን ሳይነሣ መፈልፈያውን አቆመ። ቀዩ ቡና ተከምሮ ሲበላሽ ሰዎች «ሐዘኑ አእምሮውን ነካው» አሉ። እሱ ግን ጉድጓዱን አስቆፍሮ፣ ቦዩን ሠርቶ ሳይጨርስ ማሽኑን አላስነሣም።

አንተም ልጄ ጠይቀኸኛል። «በዋናው ከተማ ያለው የቆዳ ፋብሪካዬ ውኃውን አጣርቶ ነው የሚለቀው፤ ተቆጣጣሪ አለበትና። እዚህ ያለው ግን ሳያጣራ ወደ ወንዙ ይለቃል፤ የሚጠይቅ የለም፤ አገሩም ለምዶታል። ምን በደልሁ?» ብለሃል። ያ ቡና ፈልፋይ አንተ ነህ። አገር ሁሉ የራሱ ልማድ አለው፤ አልክድህም። የዚህ አገር ልማድ ያልኸው ግን አንተ አልሸከምም ያልኸው ሸክም ነው፤ ሰው በጀርባው አዝሎት ይሆናል። ዝም ያለህ ስለ ለመደ አይደለም፤ ለሌላው ተናግሮ ስላልተሰማ ነው። ስለዚህ መልሱን ከእኔ አትጠብቅ። ከቱቦህ በታች ውረድና ሴቶቹን ውኃ ከየት እንደሚቀዱ ጠይቃቸው። ዛሬውኑ ጠይቅ፤ ልጅህ ደኅና ሳለ።