የአንጓች አህያና ያልተፈታው ገመድ

ጆሮ ያለው ይቅረብ። እንቅልፍ የያዘውም ጥግ ይዞ ይተኛ፤ የእኔ ተረት ሲያንኮራፉበት አይቀየምም።

አንጓች የምትባል በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ባል የላት፣ መሬት የላት፣ ያላት አንድ ቡላ አህያ ብቻ ነው። ከገበያ ገበያ የሚያደርሳት እሱ ነው። በበረሃው መንገድ የምታወራው ከእሱ ጋር ነው፤ ስትናደድ የምትሰድበውም እሱን ነው። አንድ ቀን ቆላውን ለማቋረጥ ስትነሳ «እኔ ምን አደከመኝ!» ብላ ያላትን ሁሉ አህያው ላይ ጫነችው። በርበሬውን ጫነች፣ ውሃውን ጫነች፣ ክብሪቱን ጫነች፣ ቢላዋውን ጫነች፣ ትርፍ የመጫኛ ገመዷን እንኳ ጠቅልላ ከላይ ጣል አደረገችበት። እሷ ባዶ እጇን እያወዛወዘች፣ የሹም ልጅ መስላ ከኋላ ከኋላ ተከተለች።

ከቀትር በኋላ የአንድ ደረቅ ወንዝ አፋፍ ላይ ደረሱ። አህያው አንዲት አረንጓዴ ቅጠል አይቶ አንገቱን ሲያሰግግ አፈሩ ተናደና፣ ዱብ! የሦስት ሰው ቁመት ወርዶ አሸዋው ላይ ቆመ። እግሩ አልተሰበረም። ግን ግራና ቀኙ ገደል ነው፣ ፊትና ኋላውን ቋጥኝ ዘግቶታል። ውሃው፣ ክብሪቱ፣ ቢላዋውና ገመዱም አብረውት ታች ናቸው። አንጓች ቀና ብላ ስታይ ከወንዙ ራስ፣ ተራራው ላይ፣ ደመና ጠቁሯል። እዚያ ከዘነበ እዚህ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል፤ ደራሽ ደግሞ አህያ ነው ዝሆን ነው ብሎ አይመርጥም።

«ቡላዬ፣ ንቅንቅ እንዳትል! ገመድ ይዤ መጣሁ!» ብላ ሮጠች። ወዴት እንዲነቃነቅ እንደፈራች እንጃ።

ትንሽ እንደሮጠች በቅሎ ነጂውን አያ ቢተውን አገኘችው። ወገቡ ላይ ሃያ ክንድ ገመድ ተጠምጥሟል።

«አያ ቢተው፣ አህያዬ ገደል ገባብኝ። ገመድህን አውሰኝ!»

«እህቴ፣ ነፍሴን ብትጠይቂኝ እሰጥሻለሁ» አለ አያ ቢተው። «ይሄ ገመድ ግን ሱሪዬን የያዘ ነው። ከፈታሁት ሱሪዬ ቁልቁል ነው።»

«በእጅህ ያዘዋ!»

«ሱሪ በያዘ እጅ አህያ ይጎተታል? የምታጠቅበት ጠፍር አምጪልኝ፣ እፈታልሻለሁ።»

ሰውየው እውነቱን ነው። አንጓች ሮጠች። አህያው ያለ ገመድ አይወጣም፤ ገመዱ ያለ ጠፍር አይፈታም፤ ደመናው ተራራው ላይ ከብዷል።

ማር ቆራጩ አያ ልየው ዛፍ ሊወጣ ሲዘጋጅ ደረሰችበት። ወገቡን ሰፊ የቆዳ ጠፍር ታጥቋል፤ ጠፍሩ ላይ የውሃ ቅሉ ተንጠልጥሏል።

«አያ ልየው፣ በእናትህ ጠፍርህን!» ብላ ነገሩን አስረዳችው።

«ጠፍሩን ብሰጥሽ ቅሌን የት ላድርገው? ሁለት እጄ ለዛፍ ነው። ባለፈው መሬት ባስቀምጠው ዝንጀሮ አነሳው፤ ዓይን ዓይኔን እያየ ጠጣብኝ። ቅሌን የማነግትበት ማንገቻ አምጪ፣ ጠፍሩ ያንቺ ነው።»

አንጓች ሮጠች። አህያው ያለ ገመድ አይወጣም፤ ገመዱ ያለ ጠፍር አይፈታም፤ ጠፍሩ ያለ ማንገቻ አይፈታም፤ ደመናው ከተራራው ወገብ ወርዷል።

ከታጠፈው መንገድ ላይ መሪጌታ ልሳነወርቅን አገኘቻቸው። ትልቅ የብራና መጽሐፍ ከነማኅደሩ በቆዳ ማንገቻ ትከሻቸው ላይ አንግተዋል። ጉልበታቸውን ሳመችና እያለከለከች የመጣችበትን ነገረቻቸው።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ፣ «ማንገቻውን ብፈታ መጽሐፉ መሬት ይነካል። መጽሐፍ ደግሞ መሬት አላስነካም።»

«በእጅዎ ይያዙታ፣ አባቴ!»

«በአንዱ እጄ መቋሚያ ይዣለሁ፣ በአንዱ ጭራ። ዝንቡን አንቺ ልታባርሪልኝ ነው? ማኅደሩን የማንጠለጥልበት ሲባጎ አምጪ፣ ማንገቻውን መርቄ እሰጥሻለሁ።»

አንጓች ሮጠች። አህያው ያለ ገመድ አይወጣም፤ ገመዱ ያለ ጠፍር አይፈታም፤ ጠፍሩ ያለ ማንገቻ አይፈታም፤ ማንገቻው ያለ ሲባጎ አይፈታም፤ ፀሐይዋም ደመና ውስጥ ገብታለች።

ለልጇ ልጅ ክርስትና የምትሄደው እትዬ ጠጂቱ ፊት ለፊት መጣች። በአንድ እጇ ጃንጥላ ይዛለች፣ በሌላው ዶሮ። ወገቧን በጠንካራ ሲባጎ ሦስት ዙር ጠምጥማ፣ አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ አስራበታለች።

«እትዬ ጠጂቱ፣ ሲባጎሽን ካልሰጠሽኝ አለቀልኝ!»

«ውይ እህቴን! ታዲያ ይቺን ቋጠሮ ምን ላድርጋት? ጨዬም ክብሪቴም መርፌዬም እዚህችው ውስጥ ናቸው። በረሃ ውስጥ ክብሪት ጣልሽ ማለት ጅብን እራት ጠራሽ ማለት ነው።»

«ዶሮዋን ልያዝልሽ፣ ቋጠሮውን በእጅሽ ያዢው።»

«ዶሮዋ ባዳ አትወድም። ቋጠሮዬን የማስርበት ክር ፈልጊልኝ፣ ሲባጎውን ውሰጂው።»

ዶሮዋም አንጓችን በጎን እያየች «ቋ» አለች። አንጓች ሮጠች። አህያው ያለ ገመድ አይወጣም፤ ገመዱ ያለ ጠፍር አይፈታም፤ ጠፍሩ ያለ ማንገቻ አይፈታም፤ ማንገቻው ያለ ሲባጎ አይፈታም፤ ሲባጎው ያለ ክር አይፈታም፤ ከሩቅም ነጎድጓድ ተሰማ።

ዋርካው ሥር ከጠበል የሚመለሱ አሮጊት፣ እማማ ስንዱ፣ አረፍ ብለዋል። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የጠበል ጀሪካን ይዘዋል። የመነጽራቸው አንድ እግር ከተሰበረ ቆይቷል፤ በድርብ ጥቁር ክር ጆሯቸው ላይ አስረውታል። አንጓች ክሩን ስታይ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«እማማ፣ ክርዎን! አህያዬ ያለ ገመድ አይወጣም፤ ገመዱ ያለ ጠፍር አይፈታም፤ ጠፍሩ ያለ ማንገቻ፣ ማንገቻው ያለ ሲባጎ፣ ሲባጎው ያለ ክር...»

«ቆይ፣ ተንፍሺ» አሉ እማማ ስንዱ። «ክሩን ውሰጂ፣ ምን ከፋኝ። ግን መነጽሬ ከወደቀ ያንቺ አህያ የገባበት ገደል እኔም ልገባ ነው። መነጽሬን የማስርበት ነገር ስጪኝ።»

አንጓች እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። ጠዋት ስትነሳ አህያዋን «አንተ ሰነፍ» ብላ መስደቧ ትዝ አላት። «ምንም የለኝም፣ እማማ። ያለኝ ሁሉ አህያው ላይ ነው።»

«ሁሉ?» አሉ እማማ ከመነጽራቸው በላይ እያዩዋት። «ራስሽ ላይ የተሸከምሽው ምንድን ነው ታዲያ?»

አንጓች እጇን ወደ ራሷ ሰደደች። እስከ ትከሻዋ የወረደ ሹሩባ! እማማ «ምላጭ የለም፣ ንቀይው! እኔ ሦስት ባል ስቀብር ስንቱን ነቅያለሁ» አሏት። አንጓች ዓይኗን ጨፍና ነቀለች፤ እማማም ፀጉሩን ጭናቸው ላይ ገመዱት።

ያኔ ነገሩ ወደ ኋላ ተፈታ። ፀጉሩ መነጽሩን ያዘ፣ ክሩ ተፈታ። ክሩ ቋጠሮውን ያዘ፣ ሲባጎው ተፈታ። ሲባጎው መጽሐፉን ያዘ፣ ማንገቻው ተፈታ። ማንገቻው ቅሉን ያዘ፣ ጠፍሩ ተፈታ። ጠፍሩ ሱሪውን ያዘ፣ ሃያ ክንዱ ገመድ ተፈታ! አንጓች ከፊት፣ ሌሎቹ ከኋላ፣ መሪጌታ ጭራቸውን እያወናጨፉ፣ ዶሮዋ እየጮኸች፣ ሁሉም ወደ ገደሉ ሮጡ።

ማን ይውረድ ሳይባል አንጓች ገመዱን ይዛ ወረደች። የጭነቱን ማሰሪያ ፈትታ ጣለች፣ ገመዱን በአህያው ሆድ ሥር አዙራ አሰረች።

«መጀመሪያ እሱን!» ብላ ጮኸች።

«አንቺን ነው እንጂ፣ ደራሹ መጣ እኮ!» አለ አያ ቢተው።

«እሱን አልኩ!»

ጎተቱ። መቋሚያው ወደቀ፣ ጃንጥላው ወደቀ፣ ከዘራው ወደቀ፤ ሱሪው ግን አልወደቀም። አህያው እያናፋ ወጣ። ገመዱ ተመልሶ ሲወረወር የውሃው ድምፅ ቋጥኙ ጋ ደርሶ ነበር። አንጓች ወገቧ ላይ አስራ ጨርሳ እግሯን ከአሸዋው ስታነሳ፣ ቀይ ጎርፍ ከሥሯ እየተገለባበጠ አለፈ። በርበሬውን ወሰደው፣ ውሃውንም፣ ክብሪቱንም፣ ቢላዋውንም፣ የመጫኛ ገመዱንም ወሰደ። ጎርፉ የሚገባበት ወንዝ ውስጥ ያሉት አዞዎች ያን ሰሞን ሲያስነጥሱ ሰነበቱ አሉ።

አንጓች አፋፉ ላይ እንደደረሰች የአህያውን አንገት አቅፋ ሳመችው። ስድብ የለመደ ጆሮው ግራ ገብቶት ቀጥ አለ። ሌሎቹም በየራሳቸው ምክንያት ዓይናቸውን ጠረጉ፤ አቧራ ነው አሉ።

አያ ቢተው ከገመዱ አምስት ክንድ ቆርጦ ሰጣት። «ከእንግዲህ ባዶ ወገብ በረሃ እንዳትገቢ» አላት። «ታጠቂውና ከሁሉ የሚያስፈልግሽን አንጠልጥዪበት።»

አንጓች አመስግና አንዱን ጫፍ ወገቧ ላይ አሰረች። ሌላውን ጫፍ ወስዳ አህያው አንገት ላይ አሰረችው።

አያ ልየው በሳቅ ፈረሰ። «አንቺ ሴት፣ እሱ ገደል ቢገባ አንቺንም ይዞሽ ይገባል እኮ!»

«ይግባ» አለች አንጓች፣ ቡላን ሳብ አድርጋ መንገድ እየጀመረች። «ያን ጊዜ እናንተ አላችሁ፤ ሁለታችንንም ታወጡናላችሁ።»

ተረቴም እዚህ ላይ ተቋጠረ፤ የፈታው ሰው ለጎረቤቱ ያቀብል።