የጎረቤቶቿን ኃጢአት የሰገደችው ማንጠግቦሽ

ተረት ተረት!

— የላም በረት!

እራታችሁን አልበላችሁም እንዴ? ድምፃችሁ የት ገባ? እንደገና፤ ተረት ተረት!

— የላም በረት!

እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ዘመን ማንጠግቦሽ የምትባል ባልቴት ነበረች። ጾም አታጎድልም፣ ቅዳሴ አይቀርባትም። ቤተ ክርስቲያን ስትቆም ግን ጆሮዋ ቄሱ ጋ፣ ዓይኗ ሰው ላይ ነበር። ማን አረፈደ፣ ማን አዛጋ፣ የማን ነጠላ ተቀደደ፤ ሁሉን ታውቃለች። እኔስ እንዲህ ዓይነቷ ጎረቤት አትድረስብኝ!

ያን ዓመት ማንጠግቦሽ በፋሲካ ልትቆርብ ቆረጠች። ዕድሜዋ ገፍቷልና «ሳልቆርብ ብሞት ምን ይውጠኛል?» እያለች ትጨነቅ ነበር። ስለዚህ በስቅለት ዕለት ማልዳ ተነሳችና ንስሐ አባቷ ቄስ ውበቱ ዘንድ ሄደች። ቄሱም የወይራ ቅጠል ይዘው፣ ግቢው ውስጥ ከጥዱ ሥር ተቀምጠው፣ ሰው ኃጢአቱን ሲነግራቸው ስግደት ይሰጣሉ።

«በይ ኃጢአትሽን ንገሪኝ ልጄ» አሏት።

እሷም፦ «እኔማ ምን ኃጢአት አለኝ አባቴ? ጉዱ ያለው ጎረቤቶቼ ጋ ነው። ጥሩዬ በጾም ወተት ስትቀዳ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻታለሁ» አለች።

«ስልሳ ስግደት» አሉ ቄሱ።

ማንጠግቦሽ ደስ አላት። ከዚያም፦ «ጓንጉል የእህቱን ድንበር ገፍቶ አርሷል።»

«መቶ ሃያ።»

«አሰጋሽ ምሳዋን በልታ ጠበል ጠጥታለች። ዲያቆኑም በቅዳሴ መሐል ያንኮራፋል።»

«ለሁለቱ መቶ ሃያ ይጨመር። ሁሉም ሦስት መቶ ሆነ።»

«እሰይ! በየቤታቸው ሄጄ ልንገራቸው?»

«የለም፤ የምትሰግጂው አንቺ ነሽ።»

«እኔ? ምን በወጣኝ! የኔ አይደለም እኮ አባቴ!»

«እነሱ የራሳቸውን ራሳቸው ይነግሩኛል። ይህን ተሸክመሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው አራግፊው። ደግሞ እወቂ፤ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ስግደት የለም። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልጨረስሽ አትቆርቢም።»

ምን ታድርግ? ነጠላዋን አደግድጋ ጀመረች። «አንድ! ይሄ ለጥሩዬ፣ ወተቱ ትን ይበላት! ሁለት! ይሄም ለጥሩዬ!» እያለች በንዴት ትወድቃለች፣ ትነሳለች። ስልሳ ላይ ጉልበቷ ተብረከረከ። መቶ ላይ ወገቧ አልታዘዝ አላት። አላፊ አግዳሚውም፦ «ኧረ ማንጠግቦሽ ምን ሠርታ ነው ይሄ ሁሉ ስግደት?» ይላል። ሌላውም፦ «ሰው ሳትገድል አትቀርም» ይላል። እሷም ይህን ሰማችና እዚያው እንደተደፋች አለቀሰች። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። ሁለት መቶው ገና አለ።

ይሄኔ ጥሩዬ መጣችና፦ «እትዬ፣ ምን ሆነው ነው?» አለቻት።

«ያንቺን ወተት እየሰገድኩ ነው!» አለች ማንጠግቦሽ።

ጥሩዬ ደነገጠች። ከዚያም፦ «ወተቱስ ለታመመው ባሌ ነበር። ግን ስቀዳ ጣቴን ልሻለሁ፤ እሱንም ለአባ ነግሬ ሰግጃለሁ» አለችና ሳቋ አመለጣት። ወዲያው በብብቷ ገብታ ደገፈቻት።

ይህን የሰማው ጓንጉልም የሱም ጉድ እንዳልቀረ ገብቶት ቀረበና፦ «ለኔ ድንበር ስንት ሰጡሽ?» አላት።

«መቶ ሃያ!»

«ለኔ ሰማንያ ነው የሰጡኝ። መሬቱንም መልስ ብለውኛል። አንቺ ላይ ግን ጨክነዋል» አለና በሌላው ጎን ያዛት። ስትወድቅ አብረዋት ይወድቃሉ፤ ስትነሳ ያነሷታል።

ከመቅደሱ የሕማማቱ ንባብ ይሰማል። ጌታ አንዳች ሳይበድል የሰውን ሁሉ ኃጢአት ተሸክሞ ወደ መስቀል መሄዱ ይነበባል። ማንጠግቦሽ ይህን በየዓመቱ ሰምታዋለች፤ ያኔ ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። ዛሬ ግንባሯ አፈር ላይ ነው፤ የምታየው ሰው የለም። «እሱ የዓለሙን ተሸከመ፤ እኔ የአራት ሰው ከበደኝ» አለች በልቧ። በጣም አፈረች።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሦስት መቶው አለቀ። ደጋግፈው ቄሱ ፊት አደረሷት።

«ጨረስሽ?» አሏት።

«የነሱን ጨረስኩ አባቴ። አሁን የራሴን ላምጣ» አለች። ስንት ዓመት በአጥር ቀዳዳ እንዳየች፣ ስንቱን ሰው እንዳማች፣ ሳትደብቅ ተናገረች። ከዚያም ቢያንስ ሺህ ይሰጡኛል ብላ ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

ቄሱ በወይራው ትከሻዋን ቸብ አደረጉና፦ «ሦስት» አሏት።

«ሦስት ብቻ? የነሱ ሦስት መቶ፣ የኔ ሦስት?»

«የቀረውን የተሸከመልሽ አለ፤ ዛሬ ቀኑ የሱ ነው። በይ ቶሎ በይ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ!»

ማንጠግቦሽ በፋሲካ ቆረበች። ጉልበቷ ገና አልሻረላትምና ጥሩዬና ጓንጉል ግራና ቀኝ ደግፈው አቀረቧት። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ወሬ ምላሷ ላይ ሲመጣባት ጉልበቷን ይዛ «ውይ!» ትላለች አሉ።

እኔ ነግሬ ጨረስኩ፤ እናንተ ደግሞ ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ። ጥርሴ አልቋልና ለስለስ ካለው፣ ከመሐሉ ቁረሱልኝ።