ቤት የፈረሰባቸው ወፎች

ባላምባራስ እንግዳሸት ትልቅ አዳራሽ ለመሥራት ሲሉ በማሽላ ማሳቸው ዙሪያ የነበረውን ዋንዛ ሁሉ አስቆረጡ። ጎረቤታቸው የሆነ አንድ ምላሰኛ ገበሬ ግን በራሱ ማሳ ዙሪያ ያሉትን ዛፎች አልነካም። በዚያ ዓመት ከረጅም ድርቅ በኋላ ዝናብ ጣለና ተምች የሚባለው ትል ፈላ። በተቆረጠው ዋንዛ ላይ ጎጆ የነበራቸው ወፎች ወደ ገበሬው ዛፎች ተሰደው ነበርና፣ ዝናቡ አላባራ ስላለ ከዚያ ሳይርቁ የገበሬውን ማሽላ ከትል አጸዱለት። የባላምባራስ ማሽላ ግን አገዳው ብቻ ቀረ።

ባላምባራስ ገበሬውን አስጠርተው በአዲሱ አዳራሽ፣ በሽማግሌዎች ፊት አቆሙት።

«አንተ! በግዛቴ የሚበር ወፍ ሁሉ የኔ ነው። አስማት አድርገህ አስቀረህብኝ። እስከ ነገ ወደ ማሳዬ ካልመለስካቸው ከመሬትህ እነቅልሃለሁ!»

ገበሬው ቀና ብሎ የጣሪያውን እንጨት አየ።

«ጌታዬ፣ እኔማ ሂዱ ብዬ ለምኛቸው ነበር። በዚህ ዝናብ የት እንጠለል አሉኝ። የጌታዬ አዳራሽ አለላችሁ ብላቸው ጭራሽ ተቆጡ። ‹ቤታችንን አፍርሰው የወሰዱት እሳቸው ናቸው፤ እንግዲህ ሥራችንንም ይውሰዱና ትሉን ራሳቸው ይልቀሙ› ብለው መለሱኝ።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸሸጉ። ባላምባራስም የመሬቱን ነገር ዳግመኛ አላነሡም።