ኩሽኔታ የተገጠመለት አግዳሚ

አንድ ሰው ነበረ፣ ወገኖቼ። ታክሲ ጠባቂ ነው፣ እንደ እናንተ። የሚቆምበት ሰልፍ ግን እንዴት ያለ ሰልፍ መሰላችሁ! ጅራቱ ላይ ያለ ሰው ፊት እስኪደርስ ጢም ያበቅላል። እኔ ስንት አገር የዞርሁ ሰባኪ እላችኋለሁ፤ እስራኤል በምድረ በዳ ከዚያ ሰልፍ ይፈጥኑ ነበር።

ይህ ሰው ምን ሠራ? ረጅም አግዳሚ ወንበር ሠራና ከሥሩ ኩሽኔታ ገጠመለት፤ ልጆች ጋሪ የሚሠሩበትን ያንን የብረት ጎማ። ሰልፈኛው ይቀመጣል። ፊተኞቹ ሲሳፈሩ የቀሩት በእግራቸው ገፋ ያደርጋሉ፤ ወንበሩ ይጠጋል። ቆሞ የሚደክም የለም።

ወጣቶች ይህን ሰሙና ካሜራ ይዘው መጡ። በገዛ ኪሳቸው አስቂኝ ዘጋቢ ፊልም ሠሩ። በቀረጻው ቀን ወንበሩ ቁልቁለት ላይ አመለጠ፤ ሰልፈኛውን እንደተሸከመ ድንች ሻጮች መሃል ገባ! ፊልሙ የታየ ቀን የአዳራሹ ጣራ በሳቅ ሊነሣ ምንም አልቀረው።

ሰውዬው ግን የክት ኮቱን ለብሶ ፊት ተቀምጧል። አይስቅም። አንድ ነገር ይጠብቃል።

ምን? የሚስቱን ነገር። ሚስቱ እታፈራሁ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። አንድ ጠዋት እዚያው ሰልፍ ላይ ወደቀች። የታመሙ መስለው እየወደቁ ተራ የሚያልፉ ብልጦች ነበሩና፣ ሰው ምን አለ? «ተዋት፣ ተራ ልትሰርቅ ነው!» ተራ አስከባሪውም «ተነሺ እትዬ፣ ይቺን እናውቃታለን» አላት።

ማንም አላነሣትም። እሷም አልተነሣችም።

ለመቀረጽ የፈቀደው ለዚህ ነው፤ «ያን ቀን የነበሩ ሰዎች፣ ሚስቴ አታላይ እንዳልነበረች ይወቁልኝ» ብሎ።

ፊልሙ አለቀ። መብራት በራ። አዘጋጇን ወጣት፣ ረድኤትን፣ ጠራት።

«ልጄ፣ እታፈራሁ የታለች?»

«ጋሼ፣ ቆረጥነው። ያስለቅሳላ! ሰው የመጣው ሊስቅ ነው።»

«ያለ እሷ እኮ ወንበሩ የእብድ ሥራ ነው።»

«እሱማ ነው ያሳቀው፣ ጋሼ።»

አዳራሹ ባዶ ሆነ። ዘበኛው መጥቶ «አባባ፣ አልቋል፤ ልዘጋ ነው» አለው። ሰውዬው ከመቀመጫው አልተነቃነቀም። «የእሷ ገና አልታየም» አለ።

ወገኖቼ፣ በረድኤት አትፍረዱ። እናንተም በየሰፈራችሁ «ነካ አድርጎታል» ብላችሁ የምትስቁበት ሰው አላችሁ። የለም? ስሙን ልጥራላችሁ እንዴ? አንዱ የሞተ ልጁን ጫማ በየእሑዱ ያስጠርጋል። አንዷ የፈረሰ ቤቷ የነበረበት አጥር ሥር ቆማ ጎረቤት ትጣራለች። ስታልፉ ትሳሳቃላችሁ። «ለምን?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሳቁን ወስዳችሁ ምክንያቱን የቆረጣችሁት እናንተ አይደላችሁምን?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደዚያ ወደምትስቁበት ሰው ሂዱ። «ለምን?» በሉት። መልሱ ይከብዳችኋል፤ ቢሆንም እስኪጨርስ ጥላችሁት አትሂዱ።