በሳፋ የተዘፈዘፈው አዞ

መምህርት ስንዱ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ብላ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ የላስቲክ አዞ ገዛችና ሰኞ ዕለት ተማሪዎቿ ፊት ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው። ዓርብ ዕለት አውጥተው ለክተው ሲጨርሱ የወረዳው ትምህርት ኃላፊ አቶ ደምመላሽ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ከች አሉ።

«ስንት እጥፍ አደገ?» አሉ ገና ከበሩ።

«ሦስት እጥፍ» አለች መምህርቷ።

ኃላፊው ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ሦስት ብዬ ለበላይ አካል ላቀርብልሽ ነው? የጎረቤት ወረዳ አዞ ስምንት እጥፍ አድጓል! ሪፖርቱ ላይ አሥር ብለሽ አስተካክዪ፤ አለበለዚያ የደረጃ ዕድገትሽን እርሺው።»

መምህርቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ስታመነታ፣ ኃላፊው ማስመሪያ ወደያዘች አንዲት ምላሰኛ ተማሪ ዞሩ። «በይ አንቺ፣ የለካሽው አንቺ ነሽ፤ ለእንግዶቹ ንገሪያቸው። አሥር እጥፍ አላደገም?»

ልጅቷ አዞውንም ኃላፊውንም አየት አደረገች።

«አድጓል እንጂ፣ ጋሼ። እኛ ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈነው ሦስት እጥፍ አደገ፤ እርስዎ ሪፖርት ውስጥ ሲነክሩት ግን ባንዴ አሥር ገባ። ጥፋቱ የእኛ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ሪፖርቱ ውስጥ ዘፍዝፈነው ቢሆን ኖሮ፣ ይሄኔ ኃላፊ ከነአጃቢው ይውጥ ነበር።»