አውራ ዶሮና ያልተመዘገበው መለከት

ተረት ልጭን ነው፤ ቦታ አላችሁ? «አለን» በሉ።

ድሮ፣ በአንድ መናኸሪያ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ አውራ ዶሮ ይኖር ነበር። ዶሮው ፕሮግራም ነው። ሥራው ተሳፋሪ መጥራት ነው። የሠራችው ስንቅነሽ የምትባል ባለሙያ ነች።

በዚያ ሰፈር ዕቃ የጋራ ነው። ዕቃ የፈለገ አህያን ይልካል፤ አህያ ጭኖ ያመጣል። አህያ የሚሄደው ግን በኤሊ መዝገብ ላይ ወደተጻፈ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ አዲስ ዕቃ ያስገባ ሁሉ መሸኛውን ይዞ ኤሊ ደጅ ይሰለፋል።

ዶሮው አዲስ መለከት ይዞ ሲመጣ ሰልፉን አየ። «እዚህ ቆሜ ልሸብት ነው እንዴ?» አለና መለከቱን አንድ አዲስ ቤት ውስጥ ወርውሮ ሄደ።

በማግስቱ ስንቅነሽ፣ «ሦስቴ አስነሣሃለሁ፤ በሦስተኛው ካልጮህክ አጠፋሃለሁ» አለችው።

አንድ ብላ አስነሣችው።

«አያ አህያ፣ መለከቴን!»

አህያ የተጻፉትን ቤቶች ዞሮ ባዶውን ተመለሰ። «የለም።»

«እንዴት የለም? ያውና አዲሱ ቤት! ዓይን የለህም?»

«ዓይን አለኝ። ቤቱ ግን መዝገብ ላይ የለም።»

ዶሮው ወደቀ።

ጦጢት ከጣራ ላይ ሆና ሳቀች። «አያ ዶሮ፣ ለዚህ ነው የምትንጫጫው? ከተጻፉት ቤቶች አንዱ ውስጥ አሮጌ መለከት አለ። የአዲሱን ስም ለጥፍበት። አህያ ስም አይቶ ነው የሚጭነው።»

ለጠፈበት። ሁለት ብላ አስነሣችው። አህያ አሮጌውን አመጣ። ዶሮው «የደሴ ተሳ...» ብሎ ሰባተኛውን ቀዳዳ ቢፈልግ የለም። አዲሱ ሰባት ቀዳዳ አለው፤ አሮጌው ስድስት ነው። ታንቆ ወደቀ።

«እኔ እኮ ላግዝህ ብዬ ነው» አለች ጦጢት፣ እየራቀች።

አሁን የቀረው አንድ ነው። ዶሮው ክንፉን አጥፎ ኤሊ ደጅ ተሰለፈ። ተራው ደረሰ።

«አባ ኤሊ፣ መለከት ላስመዘግብ ነው።»

«ትናንት ደጄን አልፈህ ሄድክ አይደል?»

«አለፍኩ።»

«ለምን?»

«መቆም ሰለቸኝ።»

ኤሊ መዝገቡን አንሥቶ ወጣ። አንድ ቤት ያንኳኳል፤ «ማን አለ?» ይላል፤ ይጽፋል። ሌላ ቤት ያንኳኳል፤ «ማን አለ?» ይላል፤ ይጽፋል።

«ቶሎ በልልኝ፣ ልትደመስሰኝ ነው!»

«ቶሎ ብለህማ ሁለቴ ወደቅክ።»

አዲሱ ቤት ደረሰ፤ አንኳኳ፤ ጻፈ። ስንቅነሽም ሦስት አለች።

አህያ መዝገቡን አየ፤ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ መለከቱን ጭኖ መጣ። ዶሮው ሰባቱንም ቀዳዳ ያዘና፣ «የደሴ ተሳፋሪ! ሁለተኛው በር!» ብሎ ጮኸ። መናኸሪያው ሻንጣውን አንሥቶ ሮጠ። ስንቅነሽም እጇን ከማጥፊያው ላይ አነሣች።

ዶሮው አህያን ዞር ብሎ አየው። «ቅድምም እኮ እዚያው ነበረ።»

«ነበረ» አለ አህያ። «አልተጻፈም እንጂ።»

እንግዲህ ዕቃህን ቤት አስገባሁ ብለህ አትተኛ፤ የሚያመጣልህ የት እንዳለ ይወቅ። ስሙን ብትቀይርለትም አሮጌው አሮጌ ነው።

የኔ ተረት እስከዚህ ነው። ወራጅ አለ!